ቀፎ ሰቃዩ ለበዛወርቅ የነገራት

ቦንጋ ከተማ ውስጥ በዛወርቅን በስሟ የሚጠራት ጥቂት ሰው ነው። ገበያ መሀል «ኮቺ! ኧረ ኮቺ!» የሚል ጥሪ ከተሰማ፣ ያቺ ጃንጥላዋን እንደ ምርኩዝ የያዘች፣ ጫማዋን ጭቃ የዋጠው፣ ቀጠን ያለች ጠይም ሴት እያለፈች ነው ማለት ነው። ኮች የሥራ መጠሪያዋ ነው። በመጀመሪያው ሰሞን አንድ ባለ ባጃጅ፣ «እትዬ፣ የትኛውን ቡድን ነው የሚያሠለጥኑት?» ብሎ ሊያሾፍባት ቢሞክር፣ «አንተን ነዋ! ይቺን ባጃጅ ዘይት ሳትቀይርላት ስንት ጊዜ ልትነዳት ነው ያሰብከው?» አለችው። ልጁ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሳትሳፈርም ሰላም ይላታል።

የተወለደችው ዋጫ ነው። እናቷ ቡና ስትለቅም የምታንጎራጉር ሴት ነበረች፤ ቅርጫቱ ሲሞላ ዘፈኑም ያልቃል፣ ቅርጫቱ ሲገለበጥ ደግሞ ዘፈኑ እንደ አዲስ ይጀምራል። በዛወርቅ ቡናውን ትታ ዘፈኑን ይዛ ወደ ከተማ ገባች። ጥቃቅንና አነስተኛ የሚባለው ቢሮ ውስጥ ብዙ ዘመን ሠራች፤ በኋላ አንድ ፕሮጀክት ሥራ ጀማሪዎችን የሚደግፍ ሰው ሲፈልግ እሷን ወሰዳት።

ሥራዋን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ብር አትሰጥም። ማሽን አታድልም። ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሻይ በብስኩት ይጠጣል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይበተናል። ቤቱ ሲገባ ያ አዳራሽ ውስጥ የነበረው ድፍረት እንደ ቦንጋ ጉም ረፋድ ላይ ብን ብሎ ይጠፋል። የበዛወርቅ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። ደጃፋቸው ድረስ ሄዳ፣ በርጩማም ድንጋይም ላይ ቁጭ ብላ ትጠይቃቸዋለች። እንዲህ አድርጉ አትልም፤ ደንቡ ነው። «መልሱ ያለው እነሱ ዘንድ ነው» ብለው ነው ያስተማሯት። «አንቺ በሩን አንኳኪ እንጂ አትክፈቺ።»

ይህ ነገር ሲሠራ ደግሞ ይሠራል። ገበያው ዳር ያለችውን ሀኪማን ማየት ነው። አባቷ ከስልጤ መጥተው እዚህ የቀሩ ነጋዴ ናቸው። እሷ ኮረሪማና ጥምዝ በጆንያ ገዝታ በጆንያ ትሸጥ ነበር፤ ትርፉ የሌላ ሰው ነበር። በዛወርቅ መጥታ አጠገቧ ተቀምጣ፣ «ሀኪማ፣ ይህን ኮረሪማ መጨረሻ ላይ የምትበላው ሴት ማናት?» አለቻት። ሀኪማ፣ «እኔ ምን አውቅልሻለሁ! ልትጋብዢኝ ነው?» ብላ አሾፈችባት። ግን ጥያቄው አላስተኛትም። ያችን የማታውቃትን ሴት ስታስብ ስታስብ፣ አስፈጭታ በትንንሽ ከረጢት ማሸግ ጀመረች። አሁን ከረጢቱ ላይ የልጇ ስም አለበት። ዛሬም በዛወርቅን ባየቻት ቁጥር፣ «በዛዬ፣ አንቺ ሴትዮ እኮ እንቅልፍ ትሰርቂያለሽ» ትላታለች።

በዛወርቅ ያን ስትሰማ ደስ ይላት ነበር። እንቅልፍ መስረቅ ትልቅ ሙያ መሰላት። ሰለሞን እስኪሞት ድረስ።

ሰለሞን የማንኪራ ሰው ነው። መኪና ካደረሰ በኋላ በእግር ነው የሚገባው፤ መንገዱ ከጫካው ሥር ሥሩን፣ ከቡናው ጥላ ወደ ቡናው ጥላ ይሄዳል። ቤተሰቡ ጫካው ውስጥ ኮቦ አላቸው፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ ቀፎ የሚሰቀልበትና ቡና የሚለቀምበት የራሳቸው ቦታ ማለት ነው። አባቱ እንዳለ በዛፍ መውጣት ስሙ የተጠራ ሰው ነበር። ኮቦው መሀል አንድ ቀረሮ የሚባል ዛፍ አለ፤ ግንዱ ሰው እጁን ዘርግቶ የማያቅፈው፣ ቅርንጫፍ የሚጀምረው ሌላው ዛፍ ከሚያልቅበት በላይ የሆነ። እንዳለ በሐረግ እየተጎተተ እዚያ ላይ ይወጣና ቀፎውን አስሮ፣ ከላይ ሆኖ ታች ያሉትን እየተሳደበ ይስቅ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ቀረሮው ላይ የወጣ የለም። ታላቅ ልጁ አባተ ወደ ቡና ንግድ ገባና ጊዜ የለኝም አለ። ታናሹ ሰለሞን ደግሞ ቀፎውን የሚሰቅለው ዝቅ ዝቅ ያሉ ዛፎች ላይ ብቻ ነበር።

«ወንድሜ ቀፎ አይደለም የሚሰቅለው፤ የዶሮ ቆጥ ነው» ይል ነበር አባተ ሰው በተሰበሰበበት። ሰለሞንም አብሮ ይስቅ ነበር።

በዛወርቅ ሰለሞንን ያገኘችው ሥልጠናው ላይ ነው። ማሩን ከሰፈፉ አጥርቶ ቦንጋ ላሉ ገዢዎች ማቅረብ ፈልጎ ነበር። የልቡ ቋንቋ ካፊኖኖ ስለሆነ አማርኛውን ቀስ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ ነበር የሚናገረው፤ በዚህም ምክንያት የተናገረው ሁሉ የታሰበበት ይመስል ነበር። እየሄደች ትጠይቀዋለች። ማሩ ምን ላይ ይበላሻል? ማን ነው ቀድሞ የሚገዛህ? ሰለሞን ይመልሳል፤ መልሱንም በሚቀጥለው መምጫዋ ሠርቶት ታገኘዋለች። እንዲህ ያለ ሰው ለኮች ሲሳይ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮቦው ውስጥ ቀረሮው ሥር ተቀምጠው ሳለ፣ ሰለሞን ዙሪያውን ቃኘ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ከእርስዎ እንዳይወጣ።»

«አይወጣም። የነገርከኝ ሁሉ እዚሁ ነው የሚቀረው።»

«ናዝራዊትም እንዳትሰማ።» ናዝራዊት ሚስቱ ናት።

«አትሰማም።»

«እኔ ዛፍ እፈራለሁ።»

በዛወርቅ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ፊቱን አይታ መለሰችው። ሰውየው ላብ አጥምቆታል።

«ንብ አልፈራም፤ ነብርም አልፈራም» አለ መዳፉን እያየ። «ግን ትንሽ ከፍ ካልኩ ጉልበቴ የእኔ አይደለም። መሬቱ ና ና ይለኛል። ልጅ ሆኜ አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያወጣኝ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። እሱ ጀግና ልጅ አለኝ ይል ነበር። የሚያውቅ የለም። እስከ ዛሬ።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን፣ እናቷ ብትሆን፣ ሀኪማ ብትሆን፣ «እና ማን ውጣ አለህ? ተወዋ!» ትለው ነበር። በዛወርቅ ግን ኮች ነበረች። አዳራሽ ውስጥ የተማረችው፣ ሰው ሲፈራ የሚጠየቅ አንድ የታወቀ ጥያቄ አለ። ብዙ ሰው ላይ ሞክራው ሠርቷል። ድምፅዋን ዝቅ፣ ለስለስ አድርጋ ጠየቀችው።

«ሰለሞን፣ ፍርሃቱ ባይኖር ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?»

አንገቱን ቀና አደረገና ቅጠሉ ሰማይ እስኪመስል ድረስ ወደ ላይ አየ። ፊቱ ላይ ልጅነት የመሰለ ፈገግታ መጣ።

«እሱን ነዋ» አለ። «የአባቴን ቀረሮ።»

በዚያን ዕለት በዛወርቅ መንገዱን ሁሉ እያንጎራጎረች ተመለሰች። ቢሮ ውስጥ ኮቾቹ ልምድ በሚለዋወጡበት ስብሰባ ላይም ስም ሳትጠራ ተናገረችው፤ «ክላይንቴ የገዛ መልሱ ላይ ራሱ ደረሰ» አለች። አጨበጨቡላት።

ሰለሞን ቀፎ በሚሰቀልበት ወቅት፣ ካፊያ ጣል ጣል በሚያደርግበት ጠዋት፣ ቀረሮው ላይ ወጣ። ቀፎውን ሰቀለው። አጥብቆ፣ አሳምሮ አሰረው፤ ያዩት እንደ አባቱ ነው ያሰረው ይላሉ። ሲወርድ ወደቀ።

ለቅሶው ላይ በዛወርቅ ከሴቶቹ ኋላ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ምክንያት ይፈልጋል። አንዱ ሐረጉ እርጥብ ነበር ይላል፤ ሌላው የዛፉ መንፈስ ባለቤቱን ተጠማ ብሎ ድምፁን ይቀንሳል። አባተ ደረቱን እየመታ፣ «የዶሮ ቆጥ አልኩት! እኔ ነኝ የዶሮ ቆጥ ያልኩት!» ይላል። ናዝራዊት አላለቀሰችም። እጆቿን ጉልበቷ መሀል ደብቃ መሬቱን ታይ ነበር። በዛወርቅን ማንም አልጠየቃትም። ያቺ ከከተማ የመጣችው ደግ ሴትዮ ናት።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ጠርቶ አጽናናት። «አንቺ ምን አደረግሽ? ጠየቅሽ እንጂ አላዘዝሽም። ውሳኔው የእሱ ነው፤ የኮቺንግ መርሑ ይህ ነው።» ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው እንግዲህ ያንገበገባት።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ ከአፏ ጠፋ። ደንበኞቿ ዘንድ ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች፣ ትመለሳለች። ሱቅ ገብታ ዋጋ ለመጠየቅ አፏን ከፍታ ትተወውና፣ ብሩን ዘርግታ ባለሱቁ ራሱ እንዲመልስላት ትጠብቃለች። ልጇ ሃሌሉያ ከትምህርት ቤት አምሽታ ስትገባ እንኳ ዝም ነው።

«እማ፣ ምነው? 'የት ነበርሽ' አትይኝም እንዴ?» አለቻት አንድ ቀን።

«ገባሽ አይደል፤ እራትሽን ብዪ።»

«በፊት ስትጨቀጭቂኝ ይሻለኝ ነበር» አለች ልጅቷ፣ ግማሽ በቀልድ ግማሽ በፍርሃት።

ጥያቄው ግን ከአፏ ጠፋ እንጂ ከዓለም አልጠፋም። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲጀምር የገዛ ድምፅዋ ነው የሚመጣባት፤ ለስለስ ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ *ፍርሃቱ ባይኖር ኖሮ።* የባጃጅ ሞተር ዳገት ላይ ሲያቃስት ይህንኑ ይላል። ሰዎች ሲናገሩ አይታወቃቸውም እንጂ ድምፅ እንደ ሰው ይቅበዘበዛል፤ የተናገረው አፍ ሲዘጋበት ሌላ መግቢያ ይፈልጋል። በዛወርቅ ማንኪራ ድረስ መሄድ አቆመች። ከእናቷ የቀራትን አንድ ነገር፣ ግጥም መደርደሩን ብቻ፣ በሆዷ ይዛ ቀረች፦

መንገድ ጠየቅሁና መንገዱ መለሰኝ፣
ካንቺ ፊት ያለፈው የት ደረሰ አለኝ።

ማሩ ሊቆረጥ ሲቃረብ ናዝራዊት ደወለች።

«እትዬ በዛወርቅ፣ እኔ ናዝራዊት ነኝ። የሰለሞን። አንድ ጊዜ ይምጡልኝ።»

ሄደች። እንቢ ብላ ስልኩን መዝጋት አቃታት። ጉሙ እንደ ሁልጊዜው ጫካው ላይ ተኝቷል። ኮቦው ጋ ስትደርስ ከላይ፣ ዐይን ከማይደርስበት፣ ወፍራም የማያቋርጥ እምምም የሚል ድምፅ ሰማች። ቆመች። ንቦች ናቸው። ሰለሞን ሰቅሎት የወረደው ቀፎ ነው፤ ገብተውበታል፤ ሞልተውታል። አጠገቧ ያለፈ ሽማግሌ ቆም ብሎ፣ «ማንም አይነካውም» አላት። «የሞተ ሰው ማር ነው።» ከዚያ ፈጥኖ ሄደ።

ሰቅሎት የሄደውን ንቧ ገብታበታለች፣
ባለቤቱን ሳታውቅ ማሩን ትሠራለች።

ግጥሙ ሳትጠራው መጣባት። አፏን በነጠላዋ ይዛ አለፈች።

ናዝራዊት እንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር። ወጣት ናት፤ የቢታ ገነት ልጅ ናት፤ ገና ሳትገባ ሳቋ የሚሰማ ሴት ነበረች ይላሉ። አሁን ዕቃዋን በጆንያ እያሰረች ነው።

«ወደ እናቴ ቤት ልመለስ ነው» አለች ሰላምታው እንዳለቀ። «ኮቦውንም ቀፎውንም አባተ ይውሰደው። ማሩ ሳይቆረጥ መሄድ ነው የምፈልገው። እዚህ ቁጭ ብዬ ያንን ድምፅ መስማት አልችልም።»

በዛወርቅ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ከመሄዴ በፊት ግን እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው። ከእርስዎ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራ ነበር። ለእኔ ያን ያህል አያወራም። ስለ እኔ ምን ይል ነበር?»

«ስለ አንቺ?»

ናዝራዊት ጆንያውን ለቀቀችው። «ያን ዕለት ጠዋት ሐረጉን ይዞ እደጁ ላይ ቆሞ ይመላለሳል፣ ይመላለሳል። እኔ ምን አባቴ አውቄ! ሥራ በዝቶብኛል። 'ካልቻልክ ሱሪህን አውልቅና ስጠኝ፤ እኔ እወጣልሃለሁ' አልኩት። ለቀልድ ነው፤ እኛ እንዲህ ነበር የምንቀላለደው። ሳቀና ሄደ። እትዬ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ይሄ ሰው ከእርስዎ ጋር ሲያወራ 'ሚስቴ ታዋርደኛለች' ይል ነበር? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

መልሱ በበዛወርቅ ምላስ ላይ ነበር። ሁለት ቃል፣ ሦስት ቃል። ይህች ሴት የተሸከመችው ድንጋይ የእሷ እንዳልሆነ የምታውቅ አንዲት ሰው በዚህ ምድር ላይ አለች፤ እሷም ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ግን ድንጋዩ ከናዝራዊት ላይ ሲነሣ የት ነው የሚያርፈው? ነገ ቦንጋ ውስጥ «ኮቺ» ሲባል ሰው ምን ብሎ ነው የሚያያት? ደንቡ ትዝ አላት። ደንብ ለፈራ ሰው ጥሩ መጠለያ ነው።

«ናዝራዊት፣ እሱ የነገረኝ ነገር ከእኔ ጋር ነው የሚቀረው። ለሁሉም እንዲሁ ነው፤ የሥራችን ደንብ ነው።»

ናዝራዊት አየቻት። ረጅም አየቻት። ከዚያ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲዘጋ ታየ፣ መስኮት ከውስጥ እንደሚዘጋ።

«እንዲያ ከሆነ ይል ነበር ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ገባኝ። ባይልማ 'አይልም ነበር' ይሉኝ ነበር።»

«እንደዚያ አላልኩም...»

«ገባኝ፣ እትዬ። መንገዱ ሳይጨልም ይሂዱ።»

በዛወርቅ ቦንጋ ስትደርስ ቤቷ አልገባችም፤ ሀኪማ ሱቅ ገብታ ጆንያ ላይ ዘጭ አለች። ሀኪማ ጥምዝ እያበጠረች ነበር፤ አንዴ አየቻትና ወንፊቱን አስቀመጠች።

«በዛዬ! አስፈራሽኝ። ጂን ያየሽ ነው የምትመስዪው።»

በዛወርቅ ስም ሳትጠራ ለማውራት ሞከረች። «አንዲት ሴት አለች... ባሏ የነገረኝ ነገር አለ...» ሀኪማ ግን የማንኪራውን ወሬ ያልሰማች አልነበረችም፤ ስሙን ማንም ሳይነግራት አወቀችው፣ አወቅሁ ብላም አላሳፈረቻትም።

«ለሟቹ ምስጢርህን እጠብቃለሁ ብለሽዋል» አለች።

«ብየዋለሁ።»

«ለማን ብለሽ ነው አሁን የምትጠብቂው? ለእሱ ነው ለራስሽ?»

በዛወርቅ ጃንጥላዋን ጉልበቷ ላይ አስተኛችው።

«እኔንም ቁጭ አድርገሽ እንዲህ ነው የምታደርጊኝ» አለች ሀኪማ። ልትስቅ ፈልጋ ሳቁ አልመጣላትም። «ጠይቀሽ ጠይቀሽ ትሄጃለሽ፤ እኛ እዚህ እንገላበጣለን። ሁልጊዜ መልስ ከእኛ ነው። አላህ ይይልሽ፣ እስቲ አንድ ቀን ደግሞ አንቺ መልሺ! ሴትየዋ ጠየቀችሽ እኮ።»

በማግስቱ ማንኪራ ስትደርስ ዕቃው ወጥቶ ደጁ ላይ ነበር። አባተ ጆንያ በፈረስ ላይ እየጫነ ነው፤ ግዙፍ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው።

«መጡ ደግሞ ወሬ ሻጯ!» አለ ሲያያት፤ ሰላምታውም ስድቡም አንድ ላይ ነው። «እትዬ፣ ወንድሜን በወሬ አጥግበውት ነበር። አሁን ሚስቱን ሊሸኙ ነው?»

«ለናዝራዊት የምነግራት ነገር አለኝ» አለች በዛወርቅ። «አንተም ብትሰማው ግድ የለኝም።»

ናዝራዊት ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አልቀረበችም።

በዛወርቅ ቆማ ነው የተናገረችው፤ ብትቀመጥ የምትነሣ አልመሰላትም። «ትናንት ዋሽቼሻለሁ። ደንብ ብዬ ነው የዋሸሁት። ሰለሞን ስለ አንቺ ክፉ ነገር ብሎ አያውቅም። የነገረኝ ሌላ ነው። ዛፍ ይፈራ ነበር።»

አባተ ገመዱን እንደያዘ ቆመ።

«ማነው የሚፈራው?» አለች ናዝራዊት።

«ሰለሞን። ከልጅነቱ ጀምሮ። ከፍ ሲል ጉልበቱ ይከዳው ነበር። ዝቅ ያሉት ዛፎች ላይ የሚሰቅለው ሰንፎ አልነበረም። ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረም። እኔም ሰምቼ፣ 'ፍርሃቱ ባይኖር ኖሮ ምን ታደርግ ነበር' ብዬ ጠየቅሁት። 'የአባቴን ቀረሮ እወጣ ነበር' አለኝ። እኔ ደስ አለኝ። እየዘፈንኩ ነው የተመለስኩት።»

ፈረሱ ሣር ያላምጥ ነበር።

«ይፈራ ነበር» አለች ናዝራዊት፣ ቃሉን እንደ እንግዳ ዕቃ እያገላበጠች። «ያን ሁሉ ዘመን አብሬው ስተኛ... ለእኔ ሳይነግረኝ ለእርስዎ?»

«አዎ።»

«እኔን ቢነግረኝ እስቅበታለሁ ብሎ ነው።» ዐይኗ ሞላ። «እስቅበት ነበር እኮ! መጀመሪያ እስቅ ነበር። ከዚያ ግን አላስወጣውም ነበር። ሱሪውን ይዤ እጎትተው ነበር እንጂ በምንም አላስወጣውም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ሱሪህን ስጠኝ አልኩት። እርስዎ ባትፈራስ አሉት።» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ሁለታችንም ሳናውቅ...»

በዛወርቅ እዚህ ላይ ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ናዝራዊት በገዛ እጇ ግማሹን ልታነሣላት ነበር። ግን አልቻለችም።

«አንቺ አላወቅሽም» አለች። «እኔ ግን አውቅ ነበር። መፍራቱን ነግሮኝ ነው የጠየቅሁት። ልዩነቱ ይሄ ነው፣ ናዝራዊት። ይህን ሳልነግርሽ ብትሄጂ ኖሮ የእኔን ተሸክመሽ ነበር የምትሄጂው።»

ናዝራዊት በሩን ደገፍ ብላ ቁጭ አለች፤ ለቅሶው ላይ ያልመጣው ልቅሶ ያኔ መጣ። ጮክ ያለ አልነበረም፤ ረጅም ነበር። በዛወርቅ ልትነካት እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። አባተ ፊቱን ወደ ፈረሱ አዙሯል።

በኋላ ናዝራዊት ተነሣች። ፊቷን ታጠበች። ስትመለስ ድምፅዋ የደረቀ ነበር።

«ስለነገሩኝ አላመሰግንዎትም፣ እትዬ። ዛሬ አልችልም።»

«አይገባኝምም።»

«አባተ፣ ጆንያውን አውርደው።»

«እ?»

«አውርደው! አልሄድም። የዶሮ ቆጥ የምትሉት ቀፎዎች አሉ አይደል? እነሱን እይዛለሁ። መሰላል ይደርስባቸዋል። ሰውዬው ሲፈራ አስቦ ነው የሰቀላቸው፤ እኔም እፈራለሁ፤ ለሁለታችንም ልክ ናቸው። ማሩን ማጥራቱን አይቼዋለሁ፤ ምድጃ ዳር ሆኖ ሲሠራ አብሬው ነበርኩ።» ትንሽ ቆመች። «ያንን የላዩን ማንም አይንካው። ገብተውበታል፤ ይኑሩበት።»

አባተ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ፣ እንደሚሰበር ነገር፣ መሬት ላይ አስቀመጠ። ያ «ወሬ ሻጯ» ያለበት አፍ ጠፍቶበታል። በዛወርቅ ለመሄድ ስትነሣ ጃንጥላዋን አቀበላትና ሳትጠይቀው ከኋላዋ ተከተላት።

ጫካውን ጨርሰው መኪና መንገዱ ዳር ወጡ። ካፊያው ቆሟል፤ ከቅጠል ቅጠል ጠብ ጠብ የሚለው ብቻ ቀርቷል። አባተ መንገዱን ግራ ቀኝ አየ። ማንም የለም።

«እትዬ» አለ። ያ ትልቅ ድምፅ ትንሽ ሆኗል። «አባታችን ሲሞት ዛፉን ለታናሼ የተውኩለት ጊዜ አጥቼ አይደለም።»

በዛወርቅ ዘወር አለች። ግንባሩ ላይ ላብ አየች። እንዲህ ያለ ላብ ከዚህ በፊት ቀረሮው ሥር አይታለች።

«እኔም ዛፍ እንደምፈራ እያወቅሁ ነው የሳቅሁበት» አለ አባተ። «እሱ ላይ ሲስቁ እኔን አያዩኝም ብዬ።»

ከዳገቱ በኩል ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ቦንጋ! ቦንጋ! ኮቺ፣ ቦታ አለ፣ ግቢ!» እያለ ይጮኻል። አባተ እንደተያዘ ሰው ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ሊሄድ ነው።

በዛወርቅ እጇን አንሥታ መኪናውን ሂድ አለችው። ረዳቱ ትከሻውን ነቀነቀና በሩን ዘጋ፤ ጭቃ ረጭቶባቸው አለፈ። እሷ ከመንገዱ ዳር ካለው እርጥብ ሣር ላይ ቁጭ አለች። ምንም አልጠየቀችውም። አባተ ትንሽ ቆሞ አያት፤ ከዚያ እሱም ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ አጠገቧ ተቀመጠና መናገር ጀመረ።